ከላይ መስታወት፣ ከጎን ጭረት፦ የአንድ የዋንዛ ጠረጴዛ ጉዳይ

ጠረጴዛው ዋንዛ ነው። ርዝመቱ 2 ሜትር ከ20፣ ወርዱ 90 ሳንቲ ሜትር። ግራና ቀኝ ሁለት ጣውላ፣ መሃል ለመሃል ሰማያዊ ኢፖክሲ (ሬዚንና ማጠንከሪያ የሚባሉ ሁለት ፈሳሾች ተቀላቅለው የሚጠነክር ነገር)፣ ከዚያ ሙሉ ገጹን የሚሸፍን ስስ የኢፖክሲ ልባስ። ያዘዘው ካፌ ነው። የተሠራው አዲስ አበባ ውስጥ ግድግዳውም ጣሪያውም ቆርቆሮ በሆነ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ነው፤ ጊዜው ደግሞ ሐምሌ።

ስልክ ሲደወልልኝ ሥራው "አልቋል" ተብሎ ነበር። ታሽቷል፣ ፖሊሽ ተደርጓል፣ ተጠቅልሎ መኪና እየጠበቀ ነው። ጠዋት ትልቁ በር ሲከፈት ብርሃኑ በጎን ገባና ጉዱ ፈላ። የእንጨት ቤቱ ባለቤት ያለኝ ይህን ነው፦ "ከላይ ስታየው መስታወት ነው። ጎንበስ ብለህ ስታየው ግን ሁለት ድመት ሲጣላበት ያደረ ነው የሚመስለው።"

ሄጄ አየሁት። አልተጋነነም። የስልክ መብራት ከገጹ ጋር ጎን ለጎን ዝቅ አድርጌ ሳበራ ሦስት የተለያዩ ነገሮች አሉ። ሙሉ ገጹ ላይ የተጠማዘዙ ትንንሽ ጭረቶች፣ ከሥራቸው ደግሞ ቀጥ ያሉ ረጃጅም መስመሮች። እንጨቱና ኢፖክሲው የሚገናኙበት መስመር ግራና ቀኝ ነጫጭ ነጠብጣብ። በአንዱ ጥግ በኩል ደግሞ ሁለት መዳፍ የሚያህል ደብዛዛ ቦታ፤ ፖሊሽ ሲደረግ ያበራል፣ ሲያድር ይደበዝዛል።

እንጨት ቤቱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ለሦስቱም አንድ ፍርድ ሰጥቷል። ዝናቡ ነው። ፈረደበት ክረምት!

ክሱ ባዶ አይደለም። አብዛኛው የኢፖክሲ ማጠንከሪያ አሚን የሚባል ውህድ አለው። ቅዝቃዜና እርጥበት ሲበዛ አሚኑ ከሬዚኑ ጋር ተጣምሮ ሳይጨርስ ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድና እርጥበት ይስባል። ያኔ ገጹ ላይ ሰም የመሰለ፣ ሲነኩት ሙልጭልጭ የሚል ስስ ሽፋን ይወጣል። አዲስ አበባ ሐምሌ ላይ ሌሊቱ 10 እና 11 ዲግሪ አካባቢ ይወርዳል። ቆርቆሮ ቤት ደግሞ ከውጭው ብዙም አይሻልም። ስለዚህ ሽፋኑ ወጥቶ ነበር ማለት ይቻላል። የሚያሸው ልጅም ሳልጠይቀው "መጀመሪያ ላይ ብርጭቆ ወረቀቱ ቶሎ ቶሎ ይደፈንብኝ ነበር" አለኝ። ምልክቱ ይኸው ነው። ይህ ነገር በውሃ ይሟሟል፤ ለብ ያለ ውሃና ስፖንጅ ይበቃዋል። ሳይታጠብ ከታሸ ግን ብርጭቆ ወረቀቱ ላይ እየተጠቀለለ ጠጠር ይሠራል። ጠጠሩ ደግሞ ገጹን ያርሰዋል።

ግን ሽፋኑ ያለው ከላይ ከላይ ነው። በሰባት ዓይነት ወረቀት ከታሸ በኋላ የሚተርፍ የለም። ያየሁት ደብዛዛ ቦታ ከእሱ ሊሆን አይችልም። ነጠብጣቡም እንደዚያው። ዝናቡ ከተከሰሰበት ሦስት ወንጀል ተባባሪ የነበረው በአንዱ ብቻ ነው።

መጀመሪያ ያደረግኩት ነገር ባለቤቱን አላስደሰተውም። አይሶፕሮፒል አልኮል በጨርቅ አድርጌ ገጹን በሙሉ ጠረግኩት። ፖሊሽ ውስጥ ዘይትና ሰም አለ፤ ጭረቱ ውስጥ ገብቶ ለጊዜው ይደብቀዋል። ዕቃው ካፌው ገብቶ ብዙም ሳይቆይ ዘይቱ ይሄድና ጭረቱ ይመለሳል። ስለዚህ እውነተኛውን ገጽ ለማየት ዘይቱን ማንሳት ግድ ነው። ስጠርገው ጭረቱ በእጥፍ ጨመረ። "አንተ፣ ልታስተካክል ነው ወይስ ልታበላሽ የመጣኸው?" አለኝ።

ቀጥሎ ውሃ። በመዳፌ አረጠብኩት። ውሃ ጭረቱን ስለሚሞላው ብርሃኑ መበተኑን ያቆማል። ሲረጥብ የሚጠፋና ሲደርቅ የሚመለስ እንከን ገጹ ላይ ነው፤ በማሸት ይሄዳል። ረጥቦም ያልጠፋ ከሆነ ነገሩ ጠለቅ ያለ ነው። ጭረቶቹ ጠፉ። ነጠብጣቦቹ ንቅንቅ አላሉም። ደብዛዛው ቦታ ግማሽ በግማሽ ሆነ፤ ቀለል አለ እንጂ አልለቀቀም።

ጭረቱን እንይ። የተጠማዘዙት የሳንደሩ፣ ማለትም የማሻ ማሽኑ፣ ናቸው። ሳንደር እየዞረም እየተወዛወዘም ስለሚሄድ፣ ከሥሩ አንዲት ሻካራ ነገር ከያዘ ጥምዝ ጥምዝ እያለ ይጭራል። ያገለገሉትን የሳንደሩን ክብ ወረቀቶች አስወጣኋቸውና በአውራ ጣቴ ዳሰስኳቸው። በዓይን እምብዛም የማትታይ፣ በጣት ግን የምትጎረብጥ ጠጠር ሁለቱ ላይ አገኘሁ። የደፈነው ሽፋን ነው። ወረቀቶቹ ደግሞ ሻካራውም ለስላሳውም አንድ ካርቶን ውስጥ ተደራርበው ነው የሚቀመጡት። ከአንዱ ወደ ሌላው ሲታለፍም ገጹ አይጠረግም። የሻካራው ብናኝ ለስላሳው ሥር ገብቶ ይጭራል ማለት ነው።

ቀጥ ያሉት መስመሮች ግን ሌላ ታሪክ አላቸው። ልጁን "በተጠቀምክበት ቅደም ተከተል ደርድርልኝ" አልኩት። ደረደረ። ፒ 120፣ ፒ 240፣ ፒ 320፣ 600፣ ፒ 1000፣ ፒ 1500፣ ፒ 2000። ቁጥሩ ሲጨምር ወረቀቱ ይለሰልሳል፤ ቁጥሩን ላየ ሰው ምንም ክፍተት የለውም።

ችግሩ 600ው ላይ ነው። ሌሎቹ ጀርባ ላይ የላቲኗ "ፒ" አለች፤ እሱ ላይ የለችም። ፒ የአውሮፓው መለኪያ ነው፣ ፌፓ የሚባለው። ያለ ፒ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ የአሜሪካኑ ነው። ሻካራዎቹ ላይ ሁለቱ ይቀራረባሉ፤ ከ220 በላይ ሲሄዱ ግን መንገዳቸው ይለያያል። የፒ 320 ቅንጣት በአማካይ 46 ማይክሮን ነው፣ ማይክሮን ማለት የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ። የፒ 600 ቅንጣት 26 ገደማ። የአሜሪካኑ 600 ግን 16 ብቻ። ፒ 1000 ደግሞ 18።

አሁን ቁጥሩን ትታችሁ ቅንጣቱን ተከተሉ። ከ46 ወደ 16 ዘለለ። ከዚያ ወደ 18 ተመለሰ፤ ማለትም "ለስላሳ" ብሎ ያነሳው ፒ 1000 ከቀደመው ይሻክራል። ከዚያ 12.6፣ ከዚያ 10። የፒ 320 ጭረት ጥልቅ ነው። 16 ማይክሮን የሆነ ወረቀት እሱን አውጥቶ ለመጨረስ ዕድሜ ልክ ይፈልጋል። ልጁ ደግሞ ለእያንዳንዱ ቁጥር እኩል ጊዜ ነው የሰጠው። ከላይ ያለው ገጽ እየለሰለሰ ሄደ፤ የፒ 320 ሸለቆ ግን ከሥሩ እንዳለ ቀረ። ፖሊሹ ያን ሁሉ አስጊጦ አሳየ።

ፒ የሌለው ወረቀት ሁሉ የአሜሪካኑን መለኪያ በትክክል ይከተላል ማለት አይደለም። ስለዚህ ወሬ ብቻ እንዳይሆን ሞከርነው። ማቡኪያ ባልዲው ሥር የደረቀ የኢፖክሲ ቁራጭ ነበር። ግማሹን በ600ው፣ ግማሹን በፒ 1000 አሸንና ጠረግነው። የ600ው ወገን ይበልጥ ያበራል። ልጁ ዝም ብሎ አየውና "ታዲያ ቀለም ቤት ስገዛ ምን ብዬ ልጠይቅ?" አለ። ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱ፦ ሁሉንም ፒ፣ ከተቻለም ከአንድ አምራች። ደግሞም የሚቀጥለው ወረቀት ቅንጣት ካለፈው ግማሽ በታች ባይወርድ። ፒ 320፣ ፒ 600፣ ፒ 1000 ብሎ መሄድ ይቻላል። ትዕግሥት ካለ መሃል መሃሉ ላይ ፒ 400 እና ፒ 800 ቢገቡ ይበልጥ ይቀላል።

ነጠብጣቡ ቀላል ነበር። የአናጢ እርሳስ ጎን ለጎን አስተኝቼ ገጹ ላይ ሳሸው የእርሳሱ ጥቁር ጉድጓዶቹን ሞልቶ አወጣቸው። መርፌ የወጋቸው የሚመስሉ ክብ ቀዳዳዎች ናቸው። ነጩ ነገር ውስጣቸው የደረቀ ፖሊሽ ነው። ቀዳዳው አረፋ ነበር፤ ሲታሸ አናቱ ተቆረጠና ተከፈተ። ሁሉም እንጨቱ ዳር ናቸው፣ ኢፖክሲው መሃል ላይ አንድም የለም። ስለዚህ አየሩ የመጣው ከእንጨቱ ነው። መቼ እንዳፈሰሱት ስጠይቅ "ከጠዋቱ 4 ሰዓት" አሉኝ። በዚያ ሰዓት ፀሐይ ብልጭ ካለች ቆርቆሮው ይግላል፣ እንጨቱም አብሮ ይሞቃል። ውስጡ ያለው አየር ሲሞቅ ይለጠጣል፣ መውጫ ይፈልጋል፤ ያለው መውጫ በኢፖክሲው በኩል ነው። እንጨቱን አስቀድሞ በስሱ ኢፖክሲ ቀብቶ መድፈን ነበረበት። ወይም እንጨቱ እየቀዘቀዘ ባለበት ሰዓት ማፍሰስ። አልሆነም።

አሁን ደብዛዛው ቦታ። እዚህ ላይ ነው ሥራው የተገለበጠው።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ግራይንደሩን ነው። ፖሊሽ የተደረገው ትንሽ ግራይንደር ላይ የበግ ፀጉር ፓድ ተገጥሞ ነው። እንዲህ ያለው ግራይንደር በደቂቃ 11,000 ገደማ ይዞራል። የፖሊሽ ማሽን ግን ከ600 እስከ 3,000 ባለው ውስጥ ነው የሚሠራው። በቤት ሙቀት የደረቀ ኢፖክሲ ብዙው ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ላይ መለስለስ ይጀምራል። በዚያ ፍጥነት አንድ ቦታ ላይ ትንሽ ከቆዩ እዚያ መድረስ ቀላል ነው፤ ገጹ ይላላና ፖሊሹን ይውጠዋል። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ግራይንደሩም ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ ብረት ሥራው ተመልሷል። ግን ግራይንደሩ የሄደው ሙሉ ገጹ ላይ ነው። የደበዘዘው ግን አንድ ጥግ።

ጥፍሬን ተጫንኩበት። ሌላው ቦታ ላይ ጥፍር ይንሸራተታል። እዚያ ጋ ግን መስመር ትቶ አለፈ። ጥጥ ላይ አሴቶን አድርጌ ስጠርገው ጥጡ ተያዘ። ይህ ቦታ አልደረቀም። ያልደረቀ ኢፖክሲ ደግሞ ፖሊሽ አይቀበልም። ወረቀቱ አይቆርጠውም፣ ይገፋዋል እንጂ።

የሬዚንና የማጠንከሪያው ልክ ተዛብቶ ይሆን? ከሆነ ጠረጴዛው በሙሉ ነበር የሚለሰልሰው። አንድ ጥግ ብቻ ከሆነ የማቡካት ጉዳይ ነው። "መጨረሻ ላይ ባልዲውን የት ገለበጣችሁት?" ብዬ ጠየቅኩ። ልጁ በጣቱ ጥጉን አሳየኝ። ከዚያ ወደ ባለቤቱ ዞር አለ። "ጋሼ ነው እንዳይባክን በደንብ ጥረገው ያለኝ።" ጋሼ ሳቀ።

ሰውየው አይፈረድበትም፤ ኢፖክሲ ከውጭ የሚመጣ ውድ ዕቃ ነው፤ ባልዲ ሥር የቀረ ነገር ያንገበግባል። ግን ባልዲ ግድግዳ ላይ የተጣበቀው ኢፖክሲ በሚገባ ያልተቀላቀለው ነው። ሲፈስ በራሱ የሚወርደው ይውረድ። ተፍቆ የሚወጣው ግን ገጹ ላይ ተኝቶ ይቀራል። ጊዜ ቢሰጠውም አይደርቅም፤ የሚያደርቀው ማጠንከሪያ አጠገቡ የለምና።

በዚህ የተነሳ የጥገናው ቅደም ተከተል በሙሉ ተቀየረ። ባለቤቱ ያሰበው ከፒ 320 ጀምሮ እንደገና ማሸትን ነበር፤ ሁለት ሰው፣ ሁለት ሙሉ ቀን። ያን ሁሉ ለፍቶ ጥጉ እንደገና ይደበዝዝበታል። ለስላሳው ቦታ መነሳት አለበት። ከተነሳ ደግሞ ጥጉን ብቻ መድፈን አያዋጣም፤ ዳሩ ላይ የማይጠፋ መስመር ይወጣል። ስለዚህ ሙሉ ገጹ አዲስ ልባስ ይፈስበታል። አዲስ ልባስ ከፈሰሰ ያ ሁሉ ጥሩ ማሸት ለምን? ፒ 220 የተወው ጭረት ውስጥ አዲሱ ኢፖክሲ ገብቶ ይሞላዋል፤ ከዓይን ይጠፋል። እንዲያውም የሚይዝበት ሻካራ ነገር ያስፈልገዋል። "ጥጉን ብቻ ነካ ነካ አድርገን ዛሬ ብናስረክብስ?" የሚል ሐሳብ አንድ ሁለቴ ተነስቶ ነበር። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ያልኩት እኔ አይደለሁም፤ ልጁ ነው።

ለስላሳውን በመሮና በመፋቂያ አነሳነው። ያልደረቀው እንደ ላስቲክ እየተጠቀለለ ይወጣል። ደረቁ ጋ ሲደረስ ነጭ ዱቄት መስጠት ይጀምራል። እዚያ ላይ ይቆማል። ነጠብጣቦቹን በጥርስ ብሩሽና በአልኮል ፈትገን ውስጣቸው ያለውን ፖሊሽ አወጣን። አፋቸው የጠበበውን በቀጭን መሰርሰሪያ ጫፍ በእጅ ሰፋ አደረግን፤ አለበለዚያ ኢፖክሲው አየሩን አስወጥቶ አይገባም። በስንጥር ጠብ ጠብ እያደረግን ከገጹ ትንሽ ከፍ እስኪል ሞላናቸው። ጥጉንም አብረን።

ከደረቀ በኋላ፣ ከማሸት በፊት፣ ገጹ በሙሉ በዕቃ ማጠቢያ ሳሙናና ለብ ባለ ውሃ ታጠበ። ይህ ለሽፋኑ ብቻ አይደለም። ብዙ የመኪና ፖሊሽ ሲሊኮን አለው። ሲሊኮን ባለበት ቦታ አዲስ ኢፖክሲ ይሸሻል፤ ክብ ጎድጎድ ያለ ቀዳዳ ይተዋል። ሳይታጠብ ከታሸ ወረቀቱ ያዳርሰዋል። ታጠበ፣ ደረቀ፣ ፒ 120 ከዚያ ፒ 220፣ ተጠረገ፣ በቃ።

ለማሞቅ ከሰል ይቀጣጠል የሚል ሐሳብ መጣ። ቤት ዘግቶ ከሰል ማንደድ ሰው እንደሚገድል ሁሉም ያውቃል። ለኢፖክሲውም መጥፎ ነው፤ የሚነድ ነገር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል፣ ጋዝ ምድጃ ከሆነ ደግሞ እርጥበትም ይጨምራል፤ ያንኑ የሰም ሽፋን መጋበዝ ነው። የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ተዋስን። ጠረጴዛው ዙሪያ በላስቲክ ድንኳን ተሠራ። እንጨቱ በደንብ ሞቀ፣ ከዚያ ከማፍሰሳችን በፊት ማሞቂያው ጠፋ፤ እንጨቱ ቀዝቀዝ እያለ አየር ወደ ውስጥ ይስባል እንጂ አይገፋም። ኢፖክሲው መጠንከር ሲጀምር ማሞቂያው ተመለሰ፣ ሌሊቱን 22 ዲግሪ አካባቢ ያዘ። መብራት አለመሄዱ የእግዜር ቸርነት ነው።

ለዚያ ስፋት፣ አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ውፍረት ላለው ልባስ፣ 3 ሊትር ገደማ ነው የሚያስፈልገው። በአንድ ባልዲ ቦካ። ከዚያ ወደ ሌላ ንጹሕ ባልዲ ተገለበጠና እንደገና ቦካ። መጀመሪያው ባልዲ ግድግዳ ላይ የቀረው እዚያው ቀረ። ሁለተኛውም ሲፈስ ማንም አልጠረገውም። ባለቤቱ ባልዲውን ሲያይ ፊቱ ላይ የነበረው ነገር ሌላ ጉዳይ ነው።

በደንብ ከጠነከረ በኋላ ያለው ሥራ ትንሽ ነበር። አቧራ ያረፈባቸው ጉብታዎች ብቻ። ፒ 800 በውሃ፣ በእጅ፣ ከጎማ ማሻ ጋር። ከዚያ 1000፣ 1500፣ 2000፣ 3000፤ ሁሉም ፒ። በየደረጃው ገጹ ላይ በእርሳስ መረብ እየተሠመረ፣ መረቡ በሙሉ እስኪጠፋ። አቅጣጫው በየወረቀቱ ይቀየራል፤ ያኔ ያለፈው ጭረት ካለ ተሻግሮ ይታያል። በየመሃሉ ውሃውም ጨርቁም ይቀየራል። በደረቁ የሚያሽ ሰው ደህና ማስክ ያስፈልገዋል፤ በተለይ ሙሉ በሙሉ ያልደረቀ ኢፖክሲ ብናኝ ሳንባም ቆዳም ያስቆጣል። ፖሊሹ በማሽን፣ በስፖንጅ ፓድ፣ በዝቅተኛ ፍጥነት። በእጅ ጀርባ ሲነካ ከሞቀ ይቆማል።

እኔ ብሆን ፖሊሹን ትቼ ማት፣ ማለትም የማያብረቀርቅ፣ አድርጌ ነበር የማስረክበው። በቀን መቶ ሲኒ የሚጎተትበት የካፌ ጠረጴዛ ሲያብረቀርቅ ሦስት ወር አይቆይም፤ ማት ከሆነ አዲስ ጭረት አሮጌው ውስጥ ይጠፋል። ካፌው ግን ለፎቶ ነው የሚፈልገው። ገንዘቡ የእነሱ ነው።

ሲወስዱት አንድ ነገር ብቻ አሳስበናል፤ ከምድጃ የወረደ ጀበና በቀጥታ እንዳይቀመጥበት። ማቶት ወይም ወፍራም ማስቀመጫ ይኑረው። የጀበናው ቂጥ ኢፖክሲው ከሚለሰልስበት ሙቀት በብዙ ያልፋል፤ የሚተወው ክብ ምልክት ደግሞ በፖሊሽ አይነሳም። አንዲት ነጭ ነጠብጣብ በግራ በኩል፣ እግሩ ካለበት ጥግ በላይ፣ አሁንም አለች። አየሩ አልወጣ ብሎ ነው። ባለቤቱ "እሷን ተዋት፣ እንደገና ከነካናት ሌላ ነገር ትወልዳለች" አለ። ተውናት።